«12/3/1950» የትኛው ቀን ነው? ኮምፒውተር ከጽሑፍ ውስጥ ቀንን እንዴት እንደሚያነብ



በጁን ወር መጀመሪያ፣ ዓርብ ከሰንበት መግቢያ በፊት፣ በኔታንያ ገበያ አንዲት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይገበያያሉ። ከአሜሪካ የመጣ የታሸገ ቅመም አንስተው፣ «አንተ ልጅ፣ እስኪ እየው፤ ቀኑ አልፎበታል?» አሉት። ልጁ ክዳኑ ላይ 05/08 የሚለውን አነበበና፣ «አላለፈም እማማ፣ ኦገስት 5 ይላል፤ ገና ሁለት ወር አለው» አላቸው። ሻጩ ግን በዕብራይስጥ ጣልቃ ገባ። «የአሜሪካ ዕቃ ነው እኮ፤ እነሱ ወሩን ያስቀድማሉ። ሜይ 8 ማለት ሊሆን ይችላል» አለ። አያትየዋ ዕቃውን አገላብጠው አስመጪው የለጠፋትን የዕብራይስጥ ወረቀት አገኙ። እዚያ ላይ 8.5 ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ አንድ ወር ሊሞላው ነው። መልሰው አስቀመጡት።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩና በየኩፓት ሆሊሙ ያለ ኮምፒውተር በየቀኑ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ኮምፒውተር እንደ አያትየዋ ዕቃውን አገላብጦ የማያይ መሆኑ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ከቅመም ያለፈ ነው። ሦስት የዘመን አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሰዎች ስለሆንን፣ በስህተት የተነበበ ቀን የሰውን ዕድሜ ይለውጣል፤ ዕድሜ ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍልንም፣ የጡረታ መብትንም ይወስናል። ስለዚህ ኮምፒውተር ቀንን ከጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደሚያወጣ፣ የት ላይ እንደሚሳሳትና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል ከዚህ በታች እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ስንል የኢትዮጵያን አቆጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ስንል የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ማለታችን ነው።

ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?

እኛ 12/3/1950 ብለን ስንጽፍ ቀን የጻፍን ይመስለናል። ለኮምፒውተሩ ግን ይህ ገና ቀን አይደለም። የቁጥሮችና የጭረቶች ተራ ጽሑፍ ነው፤ የሙያው ሰዎች ስትሪንግ ይሉታል። ይህን ጽሑፍ ተቀብሎ ወደ እውነተኛ ቀን የሚለውጥ አንድ የተወሰነ ሥራ የተሰጠው የፕሮግራም ክፍል አለ። እሱም ፈንክሽን ይባላል፤ ሥራው ደግሞ ፓርስ ማድረግ ነው፤ ማለትም ጽሑፉን ክፍል በክፍል ለይቶ ትርጉም መስጠት።

ሥራው አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጽሑፉን ይቆራርጣል፤ 12 አንድ ቁራጭ፣ 3 ሌላ ቁራጭ፣ 1950 ሌላ ቁራጭ ይሆናል። ቀጥሎ የትኛው ቀን፣ የትኛው ወር፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ ይወስናል። ሦስተኛ፣ ሊሆን የሚችል መሆኑን ይመረምራል፤ ወር ከ12 መብለጥ የለበትም፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም፣ ወዘተ። በመጨረሻም ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ይለውጠዋል። ለምሳሌ ኤክሴል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ቀናት ይቆጥራል። ሌሎች ብዙ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለውን ጊዜ በሰኮንድ ይቆጥራሉ።

አደጋው ያለው በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያልተጻፈውን ነገር ፈንክሽኑ ይገምታል። ግምቱ ካለቀ በኋላ የሚቀመጠው ቁጥሩ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ምን እንደነበረ ተመልሶ ማየት አይቻልም።

ከሌሎች ቁጥሮች መካከል ቀኑን ማግኘት

ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ፤ እሱም ቀኑ የት እንዳለ ማግኘት ነው። በገበያው ውስጥ በአንድ የአይብ ዕቃ ላይ ዋጋው 12.10 ሼቄል፣ የሚያበቃበት ቀን 5.8፣ የስቡ መጠን 5 በመቶ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ቁጥር፣ ነጥብ፣ ቁጥር ካገኘህ ቀን ነው» የተባለ ፈንክሽን ዋጋውን ኦክቶበር 12 ብሎ ያነበዋል። ሰው ይህን የማይሳሳተው ቁጥሩን ብቻ ስለማያይ ነው፤ አጠገቡ ያለውን «ሼቄል» ወይም «እስከ» የሚለውን ቃል ያነባል። በጥንቃቄ የተሠራ ፈንክሽንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከቁጥሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቃል ይፈልጋል።

ስልካችን በመልእክት የመጣን የሐኪም ቀጠሮ አውቆ በቀን መቁጠሪያው ላይ ልመዝግብልህ ሲለን የሚሠራው ይኸንኑ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ልጅ ለእናቱ በአማርኛ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ፣ እናትየዋ በኢትዮጵያ ሰዓት ስለምትረዳው በእስራኤል ሰዓት 10 መሆኑን ታውቃለች። ስልኩ ግን ከሌሊቱ 4:00 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት የልደት ቀን

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። አንድ አባት ከኢትዮጵያ ይዘውት በመጡት ወረቀት ላይ የልደታቸው ቀን 12/3/1950 ተብሎ ተጽፏል እንበል። የእስራኤልን ልማድ የሚከተል ኮምፒውተር ቀኑን አስቀድሞ ማርች 12 ቀን 1950 ይለዋል። የአሜሪካን ልማድ የሚከተል ወሩን አስቀድሞ ዲሴምበር 3 ቀን 1950 ይለዋል። ወረቀቱን የጻፈው የአገር ቤት ጸሐፊ ግን ያሰበው ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ነበር፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1957 ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ምንም ስህተት አላሳዩም። ሁለቱም ግን ሰውየውን ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ አስረጅተዋቸዋል።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ቀኑ አንድ ጊዜ በትክክል ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተለውጦ 21/11/1957 ተብሎ ከተጻፈ በኋላ፣ ሌላ ሰው የኢትዮጵያ መስሎት ሐምሌ 21 ቀን 1957 ዓ.ም. ብሎ ቢያነበውና እንደገና ቢለውጠው፣ ጁላይ 28 ቀን 1965 ይሆናል። በእስራኤል የወንድ የጡረታ ዕድሜ 67 ዓመት ነው። እኚህ አባት በትክክለኛው ቀን ቢመዘገቡ በኖቬምበር 2024 ይደርስላቸው ነበር፤ ሁለት ጊዜ በተለወጠው ቀን ግን እስከ ጁላይ 2032 መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። ይህ ሁሉ የመጣው አንዱ ጸሐፊ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ባለመጻፉ ነው።

ፕሮግራም ለሚማሩ ልጆቻችን የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። በፒኤችፒ ቋንቋ ውስጥ ያለው ስትርቶታይም የተባለው ፈንክሽን በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ምልክት አይቶ ይወስናል፤ ጭረቱ ያዘመመ ከሆነ የአሜሪካ፣ ነጥብ ወይም አግድም ጭረት ከሆነ የአውሮፓ ያደርገዋል። ስለዚህ 12/3/1950 እና 12.3.1950 ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። በፓይተን ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀው ዴትዩቲል ደግሞ ሌላ ነገር ካልተነገረው ወሩን ያስቀድማል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከ12 ከበለጠ ግን ራሱ ያገላብጠዋል። በዚህ የተነሳ በአንድ ዝርዝር ውስጥ 12/3 ዲሴምበር 3 ሆኖ፣ ከሥሩ ያለው 13/3 ማርች 13 ይሆናል። ዝርዝሩ ትክክል ይመስላል፤ ግማሹ ግን ስህተት ነው።

7 እንጨምር ወይስ 8?

ብዙዎቻችን የኢትዮጵያን ዓመት ለመለወጥ 8 እንጨምራለን። ይህ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት የሚገባው ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ስለሆነ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ የሚጨመረው 7 ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 አንስቶ፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ደግሞ 8 ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ምሳሌ እንውሰድ። ዘመቻ ሙሴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ሲሆን፣ የተቋረጠው ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፤ ኅዳር 12 እና ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም.። ለመጀመሪያው ቀን 7፣ ለመጨረሻው 8 መጨመር አለበት። ወሩን ሳያይ ዓመቱ ላይ 8 ብቻ የሚጨምር ፈንክሽን፣ ወይም ሰው፣ የዘመቻውን መጀመሪያ በአንድ ዓመት ያሳስታል።

አሥራ ሦስተኛው ወር

ጳጉሜንን የፈረንጅ ኮምፒውተር አያውቃትም። 3/13/1975 ተብሎ የተጻፈ የኢትዮጵያ ቀን ጳጉሜን 3 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሴፕቴምበር 8 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ነው። ቀንን የሚያስቀድም ጥብቅ ፈንክሽን «አሥራ ሦስተኛ ወር የለም» ብሎ እምቢ ይላል። የአሜሪካው ግን ደስ ብሎት ማርች 13 ቀን 1975 ብሎ ይቀበለዋል። እንዲሁም ጥቅምት 30 ቀን 30/2 ተብሎ ሲጻፍ ጥብቁ ፈንክሽን «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ኮምፒውተሩ «አይቻልም» ሲለን እንበሳጫለን፤ ሆኖም እምቢ ያለው ኮምፒውተር ጠቅሞናል፤ ምክንያቱም ሰው ወረቀቱን እንደገና እንዲያየው ያስገድዳል። የሚጎዳው ዝም ብሎ የተሳሳተውን የሚቀበለው ነው።

ቀኑ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ እንደሆነም ሌላ ችግር አለ። ፲፱፻፶ ማለት 1950 ነው፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፤ እያንዳንዱ ምልክት እንደ 1፣ 9፣ 5፣ 0 በቦታው አይነበብም፤ በማባዛትና በመደመር ነው። ፊደላችንና ቁጥራችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ቢገቡም፣ ብዙ ፈንክሽኖች እነዚህን ምልክቶች እንደ ተራ አኃዝ አይቆጥሯቸውም። ለብቻው የሚያሰላ ፕሮግራም ይፈልጋሉ። በዕብራይስጥ ፊደል የሚጻፉ ቀኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ሄሽቫን 29፣ የስግድ በዓላችን ቀን፣ በዕብራይስጥ ብዙውን ጊዜ በፊደል ይጻፋል።

ዜሮ ዜሮ

በብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ቴዑዳት ዜሁት ላይ የልደት ቀን 00/00 ተብሎ ዓመቱ ብቻ ይከተላል። ይህ ማለት ዓመቱ ታውቋል፣ ቀኑና ወሩ አልታወቀም ማለት ነው። እውነተኛ መልስ ነው፤ ያልታወቀውን አልታወቀም ይላል።

የፓርስ ፈንክሽኖች ግን በዚህ ይቸገራሉ። የፓይተኑ ጥብቅ ፈንክሽን ወር ዜሮ የለም ብሎ ያቆማል። በኢንተርኔት ቅጽ ላይ ቀን መምረጫው ከ1 ስለሚጀምር፣ 00 የያዙ ሰው ቅጹን መጨረስ ያቅታቸዋል። የፒኤችፒው ደግሞ ይባስ ብሎ ዓመት አስቀድሞ የተጻፈን 1950-00-00 ወደ ኋላ ይቆጥራል። ወር ዜሮ ያለፈው ዓመት ዲሴምበር ነው፣ ቀን ዜሮ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለው ወር መጨረሻ ነው ብሎ፣ ሰውየውን ኖቬምበር 30 ቀን 1949 የተወለዱ ያደርጋቸዋል። ማንም ያላለው ቀን፣ ማንም ያላለው ዓመት ነው።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ጃንዋሪ 1 ብሎ መሙላት ነው። ቅጹ ያልፋል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያ ቀን እውነተኛ ይሁን የተሞላ ማንም መለየት አይችልም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለፓስፖርት ያወጣው ደንብ የተሻለ ነው። የልደት ቀን ወይም ወር ካልታወቀ ሰው በሚያነበው ክፍል ላይ ሁለት ኤክስ፣ መሣሪያ በሚያነበው መስመር ላይ ደግሞ የመሙያ ምልክት እንዲገባ ያዝዛል። ያልታወቀው ባዶ ቦታ እንደ ባዶ ይያዛል እንጂ በግምት አይሞላም።

«ጣሊያን የወጣ ጊዜ»

ወረቀት ከመምጣቱ በፊት ሽማግሌዎቻችን ቀንን በነገር ያስታውሱ ነበር። «ጣሊያን በወጣበት ዓመት፣ ጤፍ ሲታጨድ» ያሉ አያት ቀን ነግረውናል። ከዚህ ንግግር ቀኑን ማውጣት ግን ከየትኛውም ፈንክሽን በላይ የሆነ እውቀት ይጠይቃል።

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ሜይ 5 ቀን 1941። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው «ጣሊያን የወጣበት ዓመት» ሲል 1933 ማለቱ ነው። በጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር ግን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም ኖቬምበር 27 ቀን 1941። የጎንደር ሰው «ጣሊያን የወጣበት ዓመት» ሲል 1934 ማለቱ ሊሆን ይችላል። አያትየዋ የጎንደር ሰው ከሆኑ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳ ጊዜ ስለሆነ፣ ልደታቸው በ1941 መጨረሻ አካባቢ ይሆናል። የጠየቀው ጸሐፊ «የት ነው የተወለዱት?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ዓመቱን በአንድ ያሳስታል። ጠይቆም 1934 ላይ 8 ብቻ ከጨመረ 1942 ይላል፤ አሁንም ያሳስታል።

ይህ የሚያሳየን የአያቶቻችን ንግግር ደካማ መረጃ አለመሆኑን ነው። ጠፍቶ የነበረው ንግግሩ አይደለም፤ በትክክል የሚያነበው ሰው ነው። ስለዚህ አያቶች በሕይወት እያሉ የተናገሩትን ቃል በቃል መጻፍ፣ ወይም በስልክ መቅዳት ያስፈልጋል። ቁጥሩን በኋላ ማስላት ይቻላል፤ ቃሉ ከጠፋ ግን አይመለስም።

ምን እናድርግ?

ለቤተሰቦች፦

ቅጽ ስትሞሉ ቦታ ካለ ወሩን በስሙ ጻፉ። «12 ኖቬምበር» ወይም «12 ኅዳር» የሚለውን ማንም አያገላብጠውም።

የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሁልጊዜ ጻፉ፤ ዓመቱንም በአራት አኃዝ አድርጉት። 57 ብቻ ብትጽፉ ኤክሴል 1957 ሲለው የፓይተኑ ፈንክሽን 2057 ይለዋል።

የአገር ቤት ወረቀት ስታስተረጉሙ፣ ተርጓሚው የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ አስቀምጦ የተለወጠውን አጠገቡ እንዲጽፍ ጠይቁ። በላዩ ላይ አያርሙት።

ጸሐፊው መዝግቦ ሲጨርስ፣ «ቀኑን አንብብልኝ» በሉት፤ ወሩንም በስሙ እንዲያነብ አድርጉ። በዚያች ደቂቃ የሚታረመው በኋላ ብዙ ያደክማል። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ የዕድሜ መወሰኛ ሕግ አለ፤ በእሱ መሠረት ዕድሜ እንዲወሰን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን ማስረጃ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ አስቀድሞ ከሕግ ባለሙያ ጋር መማከር ይገባል። የቆየው ወረቀትና የአያት ቃል የሚጠቅሙትም ያን ጊዜ ነው።

ኮምፒውተር ለተማሩ ልጆቻችን፦

ፈንክሽኑ እንዲገምት አትተዉት፤ የቀን፣ የወርና የዓመትን ቅደም ተከተል ራሳችሁ ንገሩት፤ ካልገጠመለት እምቢ ይበል። ስታስቀምጡ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ተከተሉ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። አጠገቡ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ ስህተት ሲገኝ የሚመለሱት ወደ እሱ ነውና። 00 ላለው ሰው ዓመቱን ብቻ የሚቀበል ቦታ ሥሩ። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ቀንን የሚያሳዩ ብዙ የዘመኑ መሣሪያዎች ያውቁታል፤ ጽሑፍ አንብቦ ማወቁን ግን ለእናንተ ትተውታል። ያንን ሥራ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ ቤታችሁ ውስጥ ሦስቱም አቆጣጠር ይነገራልና።

በገበያው የነበሩት አያት ፈንክሽን ምን እንደሆነ አልተማሩም። ሆኖም ትክክለኛውን ነገር አደረጉ፤ ቁጥሩ ሲያጠራጥራቸው አልገመቱም፤ ዕቃውን አገላብጠው ሌላ ምስክር ፈለጉ። ልጆቻችን የሚሠሩት ፕሮግራምም፣ እኛም በየቢሮው ወረቀት ስንሰጥ፣ እንዲሁ እናድርግ።